የወንድሜ ጋቢ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ምሽት

የ12ኛ ክፍል ወረቀት እያረምሁ ነው። መብራት የለም። ንፋስ መውጫ ላይ መብራት ሲኖር ነው የሚገርመን። የስልኬን መብራት ብርጭቆ ላይ አስደግፌ አርማለሁ። ግማሹ ክፍል «ኢንዛይም የምግብ ዓይነት ነው» ብሎ ጽፏል። ወር ሙሉ ያስተማርሁት ይኸን ነው። ቀይ እስክሪብቶዬ ሊያልቅ ነው።

ር/መምህሩ ዛሬም ለስለስ ብዬ እንዳርም መከረኝ። ለስለስ! ስህተት ስህተት ነው። አንተ ማስታወሻ ብቻ ነህ ይኸን ስነግርህ ፊትህን የማታጨማድድ።

ደሳለኝ ደወለ። ታናሼ ነው። እኔ ትምህርት ስሄድ እሱ የአባታችን መሬት ላይ ቀረ፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ቁልቁል። አተሩን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወርሮበታል። አርብ ዕለት ገበያ ወጥቶ መድኃኒት ገዝቷል። ምን የሚባል? አያውቅም። ምን ተጽፎበታል? ምንም፤ በውሃ ፕላስቲክ ነው ቀድተው የሰጡት። ምን ምን ይላል? የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት።

ደሜ ፈላ። ስሙን የማታውቀውን ነገር አትርጭ፣ የግብርና ባለሙያውን ጠይቅ፣ ጓንት አድርግ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ነፋሱን ለጀርባህ ስጥ። ስሰብክ እስክጨርስ ጠበቀና ሳቀ። «ጋሼ፣ ክሽክሹ እንደሁ ማንበብ አይችል!» አለኝ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ካርዱ አልቆ ይሁን ሰልችቼው አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ከሰዓት በኋላ

የደሳለኝ ሚስት አስካለ ደወለች። ቃሏን ከለቅሶዋ መለየት አቃተኝ። የገባኝ ይኸ ነው። ትናንት ከጎረቤት መርጫ ተውሶ አተሩን ሲረጭ ዋለ። ወደ ማምሻው በላብ ተጠመቀ። ምራቁ አልቆም አለ። እንባው ወረደ፣ አስመለሰው፣ ሽንቱ አመለጠው። ሥጋው ቆዳው ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ድስት ውስጥ እንደሚፈላ ውሃ ነው አለች። ዓይኔ ጨለመ አለ። ሰፈሩ ተሰበሰበና መንፈስ ነው ብሎ ፈረደ። ዛሬ ጠዋት በቃሬዛ ጠበል አወረዱት።

ጮህሁባት። ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙና እጠቡት፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ! አስካለ ለቅሶዋን ቆም አድርጋ፣ ጠበል የገባ ሰው በሳሙና እንደማይታጠብ አስረዳችኝ። ድምጿ ውስጥ ለእኔ ማዘን ነበር። የተማረ ሰው ይኸን እንዴት አያውቅም ብላ።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። እስከዚያ ልጻፍ። የማውቀውን ልጻፍ።

ነርቭ ጡንቻን ሲያዝዝ አሴታይልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይልካል። «ሥራ» ማለቱ ነው። ጡንቻው ይሠራል። ወዲያው አንድ ኢንዛይም (የምግብ ዓይነት አይደለም!) መልእክቱን ያጠፋና ጡንቻው ያርፋል። ይኸ መርዝ የሚይዘው ያንን ኢንዛይም ነው። ትእዛዙ አይጠፋም። ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ ይላል። እጢው ሁሉ ያመነጫል፣ ሳንባ በራሱ ፈሳሽ ይሞላል፣ ልብ ይዘገያል፣ ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ይዝላል። ጦር ሜዳ ላይ ሰው ለመጨረስ የተሠሩት የነርቭ ጋዞች የዚሁ ታላላቅ ወንድሞች ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው። ታናሹን ለክሽክሽ ብለው አለዘቡትና እኛ ገበያ በውሃ ፕላስቲክ ይቀዳል።

ይኸን ሁሉ አውቃለሁ። ምን ይጠቅማል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። ማታ፣ ጤ/ጣቢያ

አርብ ገበያ እስከምንደርስ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሁሉ እየቆመ ሰው ጫነ። ተጨቃጨቅሁ። «መምህር፣ ቢቸኩሉ በእግርዎ ይቅደሙን» አለኝና ተሳፋሪው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በእግሬ ሮጥሁት ማለት ይቻላል። ሃምሳን ያለፈ ሰው ሩጫ።

ደሳለኝን ያገኘሁት ጠበሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ተቀምጦ! ሬሳ ነበር የጠበቅሁት። አጥማቂው መምሬ ጥላሁን ናቸው። ፊደል አብረን ነው የቆጠርን። ቄስ ከሆኑ ወዲህ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል።

«ዩኒቨርሲቲው መጣ!» አሉ ሲያዩኝ። ትናንት ሲያመጡት አፉ አረፋ ብቻ እንደነበር፣ ልብሱን አስወልቀው ደጋግመው ሲያጠምቁት መለስ እንዳለ ነገሩኝ። ማታ ተመልሶ ባሰበት፤ ዛሬም ሲያጠምቁት ተሻለው።

ዓይኑን ገልጬ አየሁ። ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። የልብ ምቱ ዘገምተኛ። ከንፈሩ ዳር ምራቅ። ይኸ መርዝ ነው፣ መንፈስ አይደለም አልሁ። የተሻለውም ውሃው ቆዳው ላይ ያለውን መርዝ ስላጠበለት ነው አልሁ። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። መምሬ ግን አልተከራከሩም።

«እሺ፣ ውሃ ይሁን። ስሙን አንተ አውጣለት። ብቻ ሰውየው ይነሣ።»

ጤና ጣቢያ ልወስደው ነው ስል ቃሬዛውን ራሳቸው በአንድ በኩል ያዙ። አስካለ ገላው እንደረጠበ በገዛ ጋቢው ጠቀለለችው። ጠበል በጨርቅ አይጠረግም፣ ገላ ላይ ነው የሚደርቀው።

ነርሷ ሲ/ር መሠረት ትባላለች። ልጅ ናት፣ ግን ገና ከበሩ ስታየው «ፀረ ተባይ ነው» አለች። ልስማት ደረስሁ። በሳሙና አስጠበችው፤ አስካለ እያጉረመረመች እሺ አለች። አትሮፒን ወጋችው። ጠበቅን፣ ደገመች። ምራቁ ቆመ። ደረቱ ውስጥ ይንቦጫረቅ የነበረው ጸጥ አለ። ደሳለኝ ዓይኑን ገልጦ «ጋሼ፣ አፌን በምን አሸጋችሁት?» አለ። ሳቅን ሁላችን። እኔም።

ኢንዛይሙን ከመርዙ የሚያላቅቀው ሌላው መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያየችው። አትሮፒኑም ቢሆን ጥቂት ነው የቀረው። አምቡላንሷ ምጥ የያዛት ሴት ይዛ ሄዳለች፤ ነገ እሱን ወደ ሆስፒታል ትወስዳለች።

ብርድ ነው። አስካለ ጋቢውን እስከ አገጩ ድረስ ስባ አለበሰችው።

አርብ፣ ጥቅምት 8። ማምሻውን

ጠዋት ደኅና ነበር። ሲ/ር ሌሊቱን አንዴ ሌላ መርፌ መጨመሯን ነገረችኝ እንጂ አጥሚት ጠጥቷል፣ ቀልዷል። አምቡላንሷ እስክትመጣ አርብ ገበያ ወጣሁ፤ አትሮፒን ፍለጋ፣ ሻጩንም ፍለጋ።

ገበያው ሞልቷል። አህያው፣ ገብሱ፣ ጨው፣ ሰው በሰው ላይ። ሻጩን በመድኃኒቱ ሽታ አገኘሁት። ላስቲክ ዘርግቶ፣ ጀሪካኖቹን ደርድሮ። አጠገቡ ቂጣ ይሸጣል። ቂጣ!

ስሙን ንገረኝ አልሁት። «መድኃኒት ነዋ ጋሼ» አለ። የትኛው? «ለክሽክሽ ይሆናል፣ ለከብት መዥገር ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ለቁንጫም ይረጩታል። የትኛው ነው ያስቸገረዎት?» ከየት ነው የመጣ? ከላይ ነው። ከየት ላይ? በአገጩ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ አመለከተኝ። ወንድሜ እየሞተ ነው አልሁት። ደነገጠ። እውነቱን ነው የደነገጠው፤ ያ ነው ያናደደኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። «በባዶ ሆዱ ረጭቶ ይሆናል። ወተት አጠጡት» ብሎ መከረኝ። ሰው ከበበን። ጀሪካኑን በእርግጫ ላፈስሰው እግሬን አነሣሁ። ቂጣው ትዝ አለኝ። የሰው እግር፣ የአህያ እግር፣ ቁልቁል የሚወርደው ውሃ። እግሬን መለስሁ። አንዷ ሴት «እብድ ነው፣ እለፉት» ስትል ሰማሁ።

ከፋርማሲው ጥቂት የአትሮፒን ብልቃጥ አገኘሁ። ያለው ያ ብቻ ነው። በኪሴ ይዤ፣ እንዳይሰበርብኝ በእጄ ደግፌ ወረድሁ።

ስደርስ ደሳለኝ እንደገና በላብ ተጠምቋል። ብሌኑ ጠቧል። ሲ/ር ከቀትር ጀምሮ እየተመለሰበት ነው አለች፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። አምቡላንሷ ተመልሳለች፣ ወደ ሆስፒታል ግን መውጣት አልቻለችም። መንገዱ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ መጻፍ አያስፈልግም፤ እዚህ አገር መንገድ ለምን እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከሰዓት በኋላ

አገኘሁት። እጄ በሳሙና ተልጦ እየነደደኝ ነው የምጽፈው።

ጠዋት እንዲህ አሰብሁ። ሲታጠብ ይሻለዋል። ጠበል ላይ ተሻለው፣ ማታ ባሰበት። እዚህ በሳሙና ታጠበ፣ ደረቀ፣ ማታ መርፌ አስፈለገው። ትናንትም እንዲሁ። መርዙ ከሰውነቱ እየወጣ መሆን ሲገባው እየገባ ነው። ከየት? ምግቡን ጠየቅሁ፣ ውሃውን ጠየቅሁ፣ አጥሚት የተሠራበትን ድስት ሳይቀር አሸተትሁ። አስካለ ታየኛለች። የጠረጠርኋት መሰላት።

ከዚያ ደሳለኝ በረደኝ አለ። ጋቢውን ወደ አንገቱ ልስብለት ጎንበስ ስል ሸተተኝ። ነጭ ሽንኩርት። ጋቢው በጀርባው በኩል ገርጥቶ ደርቋል።

መርጫውን እንዴት ነበር የተሸከምኸው? አልሁት። ቃል በቃል እየለቀመ ነገረኝ። ክዳኑ ያፈስሳል። ማንገቻው ትከሻ ይቆርጣል። ስለዚህ ጋቢውን አጣጥፎ ጀርባው ላይ አደረገና መርጫውን ከላዩ ተሸከመ። ጠብታው እሱን እንዳይነካው። ጋቢው ቀኑን ሙሉ ጠጣለት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እየተረዳዳ፣ እያዘነ፣ ያጠበውን ሰው መልሶ በመርዝ ጠቀለለው። እርጥብ ገላ ላይ። እኔም ጭምር፤ ከጠበሉ እዚህ ድረስ ሲንሸራተት እያነሣሁ ያለበስሁት እኔ ነኝ።

ልገፍፈው ያዝሁ። አስካለ በሌላው ጫፍ ያዘች። አትለቅም። ጋቢው ጠበል ነክቶታል፤ ሱባኤው ሳይወጣ አይታጠብም፣ አይለወጥም። ደግሞም የእናታችን ፈትል ነው። ለሠርጉ እናታችን የፈተለችው፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ሲያመው ከዚህ ሌላ ለብሶ አያውቅም። «ጋሼ፣ የናንተ እናት እኮ ናት!» አለችኝ። በሽተኛ መሐል አድርገን እንደ ሕፃን ተጓተትን። ሰደብኋት። ደንቆሮ አልኋት። አልለቀቀችም።

ሲ/ር ናት መምሬ ጥላሁንን ያስጠራቻቸው። ነገርኋቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«አስካለ፣ ልቀቂ» አሉ። «ጠበሉ ሥራውን ሠርቶ ወርዷል። እዚህ ላይ የቀረው ጠበል አይደለም።»

ለቀቀች።

መምሬ ይቃጠል አሉ። አይሆንም፣ ጢሱም መርዝ ነው አልሁ። ይታጠብ አለች አስካለ። የሚታጠብበት ወንዝ የሰፈሩ መጠጥ ነው። እንግዲህ ይቀበራ፣ አሉ መምሬ። እጃችንን በላስቲክ ጠቅልለን ከምንጩ ርቆ፣ ከእርሻው ርቆ፣ ጥልቅ አድርገን ቀበርነው። አስካለ ራቅ ብላ ቆማ አለቀሰች፤ የሰው ለቅሶ ነበር። ልገሥጻት አፌን ከፍቼ የእናቴ እጅ ትዝ አለኝ፣ እንዝርቱን ስታሾር። ዘጋሁት።

ሁላችንም በሳሙና ታጠብን። ደግመን፣ ደግመን። «ለኔም ሳሙና?» አሉ መምሬ፤ እጃቸውን እየዘረጉ። «ንስሐ አባትህን ልታጥብ ተነሣህ?» ለዚያች ቀልድ እንኳ በወጉ አልሳቅሁላቸውም።

ደሳለኝ የጤ/ጣቢያውን ብርድ ልብስ ለብሷል። ደረቅ ነው። ብሌኑ እየሰፋ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 10። ረፋድ

መርፌ ሳያስፈልገው አነጋ! ላብ የለም። ምራቅ የለም። ጋቢዬስ? ብሎ ጠየቀ። ቀበርነው አልነው። «እኔን ትታችሁ ጋቢውን?» አለ። ሲ/ር እየሳቀች ወጣች። አስካለ ከትናንት ወዲህ አላናገረችኝም ነበር፤ አሁን አጥሚት አቀበለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። ይቅርታ ልላት ይገባል። ከሰዓት እላታለሁ።

ደስ ብሎኛል። ጻፈው፣ ማስታወሻ። ደስ ብሎኛል።

እዚያው ቀን። ወደ ማታ

ራሱን ከትራስ ማንሣት አቃተው።

መጀመሪያ እንቅልፍ መስሎኝ ነበር። ቀና በል አልሁት። ዓይኑ ቀና አለ፣ አንገቱ አልመጣም። ድምፁ አፍንጫው ውስጥ ቀረ። ትከሻው ከበደው። ሲ/ር ገብታ አየችው፣ አየችኝ። ሁለታችንም አወቅን።

መርዙ ከለቀቀ በኋላ የሚመጣ ነው ይኸ። ቀናት ሙሉ «ሥራ» ሲባል የከረመ ጡንቻ ትእዛዝ መስማት ያቆማል። ከአንገት ይጀምራል። ቀጥሎ ደረት። አትሮፒን ለዚህ አይሆንም፤ አትሮፒን ያደርቃል እንጂ ጡንቻ አያነሣም። የሚሆነው መሣሪያ ነው። ጡንቻው እስኪመለስ የሚተነፍስለት መሣሪያ። ይመለሳልም! መጽሐፉ ይመለሳል ይላል። መሣሪያው ያለው ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ነው።

ሹፌሩ አምቡላንሷን ይዞ ሊሞክር ወጥቶ ነበር። ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

ሁሉን በትክክል ነው የማውቀው። እያንዳንዱን ደረጃ። ለ12ኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ልስለው እችላለሁ። ወንድሜ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ ጋሼ ያውቃል ብሎ ይጠብቀኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ቀትር

ትንፋሹ ሲያጥር ሲ/ር በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፊኛ አመጣች። ጫፉ ላይ የፊት ጭንብል አለው። በግራ እጅ ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ግጥም፣ በቀኝ እጅ ጨመቅ፣ ደረቱ ከፍ ሲል ማየት፣ መልቀቅ። እሱ ሊተነፍስ ሲሞክር አብሮ መጨመቅ። እሷና እኔ ስንቀያየር አነጋን። ጣቴ ደነዘዘ። አስካለም ተማረች፤ ከእኔ ይልቅ እጇ ልዝብ ነው። ይቅርታ አልኋት፣ ፊኛውን እየተቀበልኋት። «ይጭመቁ ጋሼ፣ አይነጋገሩ» አለችኝ።

ጠዋት አያ ካሴ መጡ። የመርጫው ባለቤት ናቸው፣ ያ የሚያፈስሰው። እንዳየኋቸው የተጠራቀመው ሁሉ አፌ ላይ ደረሰ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ሳየው ምንም የምጨምርበት ነገር አልነበረም። ከኋላቸው የሰፈሩ ወንዶች፣ ሴቶችም። የአያ ካሴን ገብስ ሊያጭዱ ደቦ የተጠሩ ናቸው። ማጭዳቸውን በር ላይ ጥለው ገቡ።

«ይኸው ደቦው» አሉ ለሲ/ር። «አሳይን።»

አሳየቻቸው። እጃቸውን ታጠቡ፣ ተሰለፉ። አያ ካሴ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብለው፣ «ደሳለኝ፣ ለእኔ ገብስ ሳትመጣልኝ ወዴት ነው?» አሉት። ዓይኑ ፈገግ አለ። ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው።

እኔ እቆጣለሁ። ፈጠነ! ዘገየ! ጭንብሉ ያፈስሳል! አጨዳ የለመደ እጅ ይቸኩላል። መምሬ ጥላሁን ተራቸው ሲደርስ በትንፋሻቸው ዳዊት እየደገሙ ነው የጨመቁ፤ በየሐረጉ አንዴ። ልክ ሆነ። ሌላውም ያንኑ ሰምቶ ይከተል ጀመር። እኔም መቆጣቴን ትቼ ሰልፉን ያዝሁ።

ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሲ/ርን ጠየቅኋት። አንዳንዱ ቀናት፣ አንዳንዱ ሳምንታት። እንዲህ በእጅ ተይዞ የዳነ አይታ ታውቃለች? አላየችም። አላየሁም አለችኝ፣ አልዋሸችኝም። መንገዱ ይከፈት ይሆን? ማንም አያውቅም። እጃችን ይችላል? ማንም አያውቅም። የማውቀው ነገር ሁሉ አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን አልተማርሁም።

ት/ቤት ደውዬ አልመጣም አልሁ። ር/መምህሩ እስከ መቼ ሲለኝ ዘጋሁት።

ማስታወሻ፣ አንተንም ልዘጋህ ነው። ሥራው ሁለት እጅ ነው የሚፈልገው፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይጨምቃል። እስክሪብቶ የሚይዝ እጅ አይተርፍም። እረፍት በሆነ ጊዜም ጣቶቼን ላሳርፍ ወስኛለሁ። አስካለ ከትራሱ በላይ ቆማ ታየኛለች። አያ ካሴ እየጠሩኝ ነው፣ ተራዬ ደር—